የጣልኩት መረቅና ያጠጣሁት መረቅ

ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ኦፕራሲዮን ሆነች። የተከፈተው ሆዷ ነው። ከሆስፒታል ወጥታ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስትገባ ነጠላዋ ብቻውን የሚራመድ ይመስል ነበር። ሐኪሙ «ቀለል ያለ ፈሳሽ ነገር ስጧት፤ ግን ጉልበት ያለው ይሁን» ብሎናል። እኛ ቤት ይህ ማለት የዶሮ መረቅ ነው።

በጾም ግን ማን ደፍሮ ይሰጣታል? የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጡላት። «ለበሽተኛ ምግቡ መድኃኒቱ ነው፤ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት። መስቀላቸውን ተሳልማ «እሺ አባቴ» አለች። እሳቸው በር ሳይዘጉ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እስከ ፋሲካ ከአጃ አጥሚት በቀር ምንም አልቀመሰችም። ስለዚህ የእኔ ጣጣ የሚጀምረው ከፋሲካ ማግስት ነው።

አሁን ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ከዶሮ ተረፈ አጥንት በኤሌክትሪክ ድስት መረቅ ለማውጣት ላሰባችሁ ነው። በተለይ መብራት በሚሄድበት ከተማ ለምትኖሩ። በተለይ ደግሞ ቤታችሁ በሽተኛ፣ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ላለባችሁ። እኔ በተከታታይ ሦስት አራት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አንዱ ስህተቴ ቤተሰቡን በሙሉ አልጋ ላይ ጥሏል።

ለፋሲካ አሜሪካ ያለችው እህቴ መጣች። ከሻንጣዋ መሃል በፎጣ የተጠቀለለ ድስት አወጣች። ውስጡ ከባድ ሸክላ ነው፤ ውጪው ኤሌክትሪክ። ስሎው ኩከር ይሉታል። በዝግታ፣ ለረጅም ሰዓት የሚያበስል ዕቃ ነው። «ማታ ጥደሽው ትተኛለሽ፤ ጠዋት መረቅሽ ደርሶ ይጠብቅሻል» አለችኝ። ኋላ ጉድ የሠራችኝ ይህች አባባሏ ናት። እማዬ ድስቷን ከአልጋዋ ሆና አየቻትና «ለመረቅ ስምንት ሰዓት? ይቺስ ሰነፍ ናት» አለች። ስሟ ሰነፏ ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ገና አንድ አጥንት ሳልከትባት ነው። ውሃ ሞልቼ ልሞክራት ብዬ ሰካኋት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ወዲያው ብሬከሩ ወረደ። ነቅለን፣ ውሃውን ደፍተን ስንገለብጣት ታችዋ ላይ 120 ቮልት ይላል። የእኛ መብራት 220 ነው። የጎረቤታችን ልጅ ኤሌክትሪሺያን ነውና መጥቶ አያት። «ቮልቴጁ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው የሚሆነው። ሽቦዋ አለመበጠሱ ዕድልሽ ነው» አለኝ።

ከውጭ አገር ዕቃ የሚመጣላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ገልብጣችሁ አንብቡ። ከ220 እስከ 240 የሚል ከሆነ ጣጣ የለውም። 110 ወይም 120 ካለ ግን ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የእኔዋ 250 ዋት ናት፤ እንዳይጨናነቅ ባለ 500 ዋት ገዛሁላት። መንገደኞች ይዘዋት የሚዞሩትን ቀላሏን መቀየሪያ አትመኑ። እሷ ለሰዓታት ያለማቋረጥ እንድትሠራ የተሠራች አይደለችም።

ቆጣሪ ይበላል ብላችሁ የምትፈሩ ደግሞ አትፍሩ። 250 ዋት ስምንት ሰዓት ሙሉ ብትሠራ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣዳችን ይህን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ አጥንቱ። ፋሲካ ዕለት ሦስት ዶሮ ተሠርቶ ነበር። ማግስቱን ከየሰሃኑ የተለቀመው አጥንት ክምር ሆነ። እህቴ «በተረፈው አጥንት ነው የሚሠራው» ስትል እኔ የገባኝ ይህ ነው። ሰብስቤ ሰነፏ ውስጥ ከተትኩት። ከስምንት ሰዓት በኋላ የወጣው ቀይ ነው። ላዩ ላይ የበርበሬ ቅባት ተንሳፍፏል፤ ሽታው የአደረ ወጥ ነው። ሆዷ ለተሰፋ ሴት!

እማዬ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና መለሰችው።

«አጥንቱ ከየት የመጣ ነው?»

ነገርኳት።

«አበስኩ ገበርኩ! የእንግዳ ጥርስ የጋጠውን ልታጠጪኝ ነው?»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል ውሃ ሳቀርብላት እንኳ «ይህስ ከማን የተረፈ ነው?» ትለኝ ነበር።

እውነቷን ነው። ተረፈ ማለት አፍ ሳይነካው የቀረ ማለት ነው። በእኛ ማዕድ ቤት ይህ ሞልቷል፤ ሳናስተውለው ነው የምንጥለው። ዶሮ ስንበልት አሥራ ሁለቱን ብልት እንለይና የክንፉን ጫፍና እግሩን እንወረውራለን። ከብልቱም ቢሆን ጀርባውንና አንገቱን እንግዳ አይሻማበትም። እኔ አሁን እነዚህን በፌስታል እያደረግሁ ፍሪዘር ውስጥ አጠራቅማለሁ። ሌላው ምርጥ አጥንት የአሮስቶ ነው። ከሆቴል ዶሮ አሮስቶ ስታመጡ ለቤተሰቡ ሳታቀርቡ ሥጋውን በቢላ አውጡት፤ አጥንቱን አስቀሩት። ተጠብሶ ስለቀላ መረቁን ወርቃማ ያደርገዋል። ከወጥ የወጣ አጥንት ግን በርበሬውን ይዞ ስለሚመጣ ለበሽተኛ አይሆንም።

ፍሪዘር ውስጥ የከረመውን አጥንት እንደ ድንጋዩ ሰነፏ ውስጥ አትክተቱት። ከዋዜማው አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ። ሰነፏ በረዶ ለማቅለጥ ብዙ ሰዓት ትፈጃለች፤ ያን ሁሉ ሰዓት አጥንቱ ለብ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ለዳግማይ ትንሣኤ እንደገና ሞከርኩ። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ያረጀች የሐበሻ ዶሮ ገዛሁ። ለወጥ ብዙ ሰው ቄብ ይመርጣል፤ ለመረቅ ግን አሮጊቷን የሚያህል የለም። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ ይፈራርሳል፣ ውሃውም ቀጭን ይሆናል። አሮጊቷ ጅማቷና አጥንቷ ጠንካራ ነው። ለስምንት ሰዓት እሳት የተፈጠረች ናት።

በዚህ ጊዜ እግሩንም ጨመርኩ። እማዬ እንዳታይ ደብቄ ነው። እግሩን የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ነክራችሁ ስታወጡት ቢጫው ቆዳ እንደ ካልሲ ይወልቃል። ጥፍሩን ከአንጓው ላይ ትቆርጡታላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነጭና ንጹሕ ነገር ነው። ለውሻ ስንጥለው የኖርነው ይህ እግር የመረቁ ጉልበት ነው።

አጥንቱን አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ይበቃል። ለወጥ እንደምናደርገው በዘጌ ሎሚና በጨው ስምንት ጊዜ ማሸት አያስፈልግም። እኔ አሽቼው መረቁ ኮምጠጥ ብሎብኛል።

ከዚያ ወደ ሰነፏ ከመሄዱ በፊት በሲሊንደር ላይ በብረት ድስት ይፈላል። ይህን አትዝለሉ። ሰነፏ ቀዝቃዛ ውሃ ከሰጣችኋት ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጅባታል፤ በዚያ መሃል ጀርም ይራባል። አሥር ደቂቃ በደንብ ሲፈላ ግራጫ አረፋ ይወጣል፤ በጭልፋ እየገፈፋችሁ ጣሉት። ከዚያ እንደ ፈላ ወደ ሸክላው ገልብጡት። ግን ሸክላውን አስቀድማችሁ በሙቅ ውሃ አሙቁት። ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ የፈላ ውሃ ከተደፋ ይሰነጠቃል።

የእኔ ልክ እንዲህ ነው። ለአንድ ኪሎ ተኩል አጥንት ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ፤ አጥንቱን ሸፈን ቢያደርገው በቂ ነው። ድስቷ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛዋ ትሙላ እንጂ አፍ እስከ ገደፏ አትሙሏት። አንድ ቀይ ሽንኩርት ከነልጣጩ ለሁለት ተከፍሎ ይገባል፤ ልጣጩ ቀለም ይሰጣል። ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ አንድ ካሮት፣ አምስት ስድስት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ። ጥቅል ጎመን አታስገቡ፤ ያሸተዋል። አቼቶ ጠብ አድርጉበት የሚሉ አሉ። ሞክሬዋለሁ፤ ልዩነቱን አላየሁትም። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ውሃው እየመጠጠ ሲሄድ ጨዉ ስለሚበረታ።

በዝቅተኛው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ በከፍተኛው ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የፈረንጅ መመሪያ «ስምንት» ካለ እኔ ወደ አሥሩ አደላለሁ። ክዳኑን አትክፈቱ። በከፈታችሁት ቁጥር ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ታባክናላችሁ። እማዬ ግን ክዳን ከፍታ ካላየች ያለ አይመስላትም። ይህን ጸባይዋን ማስተው አልቻልኩም።

(በነገራችን ላይ የጣናን ዓሣ አጥንት በዚህ መንገድ እንዳትሞክሩት። የቆሮሶ ራስና አጥንት ግማሽ ሰዓት ወይም አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ይመራል።)

ማታ ላይ የወጣው መረቅ ማር የመሰለ ነበር። አጥልዬ፣ አቀዝቅዤ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። ጠዋት ስከፍተው ደነገጥኩ። ላዩ ላይ ቢጫ ቅባት ረግቷል። ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ፈሳሽ አይደለም። ሳነቃንቀው ይንቀጠቀጣል። ማንኪያ ብሰካበት ቀጥ ብሎ ቆመ። «ተበላሸ!» አልኩ። ይዤ ወጣሁና ከአጥሩ ሥር ደፋሁት። የጎረቤት ውሻ ለሁለተኛ ፋሲካው ጠግቦ ዋለ።

ያኔ እህቴ ተመልሳለች። በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «አንቺ! እሱን እኮ ነው የምንፈልገው» አለች። ያ የሚንቀጠቀጠው ከእግሩ፣ ከቆዳውና ከጅማቱ የወጣ ጄላቲን ነው። ሲሞቅ ተመልሶ ይቀልጣል። መረቃችሁ ፍሪጅ ውስጥ እንደ ጄሊ ከረጋ ደስ ይበላችሁ። የረጋውን ቅባት በማንኪያ አንስታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ለእማዬ ከባድ እንዳይሆንባት ሁልጊዜ አወጣላታለሁ።

እና ጥሩውን ጣልኩት። ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ቀን ቀን ሥራ ስለነበረብኝ የእህቴን ምክር ልከተል አልኩ። ማታ በሦስት ሰዓት አፍልቼ፣ ገልብጬ፣ ሰነፏን በዝቅተኛው ላይ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ስነሳ መብራት አለ። የድስቷ መብራት በርቷል። ስነካት ትሞቃለች። ቤቱ በመረቅ ሽታ ታውዷል። አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ክዳኑ ላይ ላብ ይንጠባጠባል፣ ዳር ዳሩም ፍልቅ ፍልቅ ይላል። ያን ቀን ክዳኑ ደረቅ ነው። «ደርሶ ተረጋግቶ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። አጠለልኩት፣ በሲሊንደር ላይ አፈላሁት፣ ፔርሙዝ ሞላሁት። ቀመስኩት፤ ግሩም ነው። ረፋዱ ላይ ለእማዬ በብርጭቆ ሰጠኋት። ለምሳ እኔና ልጆቼ በሩዝ በላነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንሹ ልጄ አስመለሰ። ከዚያ እኔ። ከዚያ እማዬ። እኛስ ምንም አይደለም። እሷ ባስመለሳት ቁጥር ስፌቷን በሁለት እጇ ደግፋ ትይዛለች። ድምፅ አታወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ «ልጄ፣ ሊፈታ ነው መሰለኝ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ባጃጅ ጠርተን ክሊኒክ ሄድን። ሌሊቱን ግሉኮስ ተደርጎላት አደረች። ስፌቱ አልተፈታም። ልጆቹ ኦ አር ኤስ እየጠጡ በማግስቱ ቆሙ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጥቂት በጥቂት፣ በማንኪያም ቢሆን ይሰጣል። አቅም የሌለው ሰው፣ ሕፃን ወይም አዛውንት እንዲህ ካስመለሰው ግን ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ሰውነት ውሃ ሲጨርስ ቶሎ ነው የሚወድቀው።

ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው ጤና ባለሙያ ምን እንደበላን ጠየቀ። መረቁን ነገርኩት። «አድሮ ነበር?» አለኝ። «የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ ነው ያደረው፤ ጠዋትም አፍልቼዋለሁ» አልኩ። በሙሉ ልቤ ነው የተናገርኩት።

ጠዋት ቤት ስመለስ የግቢያችን ጥበቃ በሩን እየከፈቱልኝ «እታለም፣ ደህና ናቸው እናትሽ?» አሉኝ። ከዚያ ጨዋታ ለማስቀየስ ይመስለኛል፣ ስለ መብራቱ አነሱ። «ትናንት ማታ እንኳ ደህና ናት። ከትናንት ወዲያ ግን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሄዳ አሥራ አንድ ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ነው የመጣችው። በጨለማ ነው የዞርኩት።»

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከአምስት እስከ አሥራ አንድ። ስድስት ሰዓት። እኔ ተኝቻለሁ፣ ሰነፏም ተኝታለች። መረቁ ስድስት ሰዓት ሙሉ ለብ ብሎ፣ ክዳኑ ተገጥሞበት፣ ለጀርም የተመቸ አልጋ ሆኖ አድሯል። እኔ ስነሳ መብራቱ መጥቶ ሞቅ አድርጎ ጠበቀኝ። ዓባይ ከደጃችን እየፈሰሰ በመብራት መሄድ ማን ይገረማል? አለመጠርጠሬ ነው የሚቆጨኝ።

ለጤና ባለሙያው ደውዬ ነገርኩት። ያስረዳኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጥላችሁ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ጀርም የሚራባበት ነው። ብዙውን ጀርም ማፍላት ይገድለዋል። አንዳንዱ ግን ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የመጀመሪያውን ማፍላት ያልፋል፤ ለብ ሲል ነቅቶ ይራባል። ሲራባ መርዝ የሚተው አለ። ያ መርዝ ደግሞ በኋላ ብታፈሉትም አይጠፋም። አይሸትም፣ አይኮመጥጥም። ስለዚህ «አፍልቼዋለሁ» የሚለው ዋስትና አልነበረም። አፍንጫዬም፣ ምላሴም አልነገሩኝም። የጣልኩት ጄሊ መልኩ አስፈርቶኝ ነው፤ ይኼኛው መልኩም ሽታውም ያማረ ነበር። መልስ ሊሰጠኝ የሚችለው የሰዓት ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ አልያዝኩም።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ጥጄ አላውቅም። ቀን ነው፤ ቤት ስውል ብቻ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጣዳል፤ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በከፍተኛው፣ ከዚያ በዝቅተኛው። አሥር ሰዓት ላይ ይወርዳል። ሳይመሽ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይገባል።

መብራት መሃል ላይ ከሄደና እቤት ካላችሁ፣ ሳትዘናጉ ወደ ብረት ድስት ገልብጡትና በሲሊንደር ወይም በከሰል ጨርሱት። ሸክላውን ራሱን እሳት ላይ እንዳትጥዱት፤ ምክሩ ትርፍ አይምሰላችሁ፣ የወንድሜ ሚስት ልትጥደው ስትል ነው የደረስኩባት። መረቁ ደርሶ ካበቃ በኋላ ከሆነ የሄደው፣ ክዳኑን ሳትከፍቱ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆይላችኋል። እቤት ካልነበራችሁና ስንት ሰዓት እንደጠፋ ካላወቃችሁ ግን ድፉት። የደረሰ ቢመስልም ድፉት። ያማል፤ አውቃለሁ።

መሄዱን እንዴት ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አሮጌ ባለ ቁጥር የኤሌክትሪክ ሰዓት ከሰነፏ ጎን ሰክቻለሁ። መብራት ሄዶ ከመጣ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ይላል። ድስታችሁ በእጅ የሚዞር መቆጣጠሪያ ካላት እንደኔዋ መብራት ሲመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራዋን ትቀጥላለች። የምትሸውደውም ለዚህ ነው። ዲጂታል የሆኑት ብዙዎቹ ጠፍተው ይቀራሉ። እነሱ ቢያንስ አይዋሹም።

ሌላው ማቀዝቀዙ ነው። የፈላውን ድስት እንዳለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መተኛት ያው መብራት እንደሄደበት ነው። በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ ምን በራሱ ይቀዘቅዛል? እኔ በወንፊትና በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ ወደ ሁለት ሰፋፊ የብረት ድስቶች እከፍለዋለሁ። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ እሞላና ድስቶቹን አስቀምጣለሁ። ዙሪያውን ውሃ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ ያቆየኋቸውን የሃይላንድ ጠርሙሶች እደረድራለሁ። እያማሰላችሁ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በታች ነው የሚፈጀው። ዋናው ነገር በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ መውረዱ ነው፤ ማለትም ጣታችሁን ስትነክሩ ሙቀት እንዳይሰማችሁ። ከዚያ ወዲያው ፍሪጅ። ሸክላውን ከነትኩሳቱ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፤ ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ፍሪጁም ይሞቃል።

ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሦስት ወር። ለፍሪዘር ግማሽ ሊትር ግማሽ ሊትር እያደረግሁ በክዳን ባላቸው ዕቃዎች አስቀምጣለሁ፤ ሲረጋ ስለሚያብጥ ሁለት ጣት ያህል ጎደል ይበል። እዚህም መብራት አለ። ፍሪጅ በሩ ሳይከፈት አራት ሰዓት ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ሁለት ቀን፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን። ስለዚህ መብራት ሲሄድ «እስኪ ልየው» እያላችሁ አትክፈቱት። እኛ ቤት በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ።

ስለ ወረቀት ካነሳሁ አይቀር፣ ዕቃው ላይ «ፍስክ» ብላችሁ ጻፉበት። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ማንም ልብ አላለውም ነበር። ከጰራቅሊጦስ በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ የወንድሜ ሚስት የቀለጠውን መረቅ ውሃ መስሏት ሽሮ ወጥ ላይ ጨመረችው። ሁላችንም «ዛሬ ሽሮው ምን ገባበት፣ እንዴት ይጣፍጣል!» እያልን በላን። እማዬ ናት የደረሰችበት። የዚያን ቀን የተባለውን አልጽፈውም።

ከዚያ ክፉ ቀን በኋላ እማዬ ለሁለት ሳምንት መረቅ ስም ሲነሳ ፊቷን ታዞር ነበር። አልፈረድኩባትም። ኋላ በራሷ ጊዜ «እስኪ ያቺን ሰነፍ ጣጃት፤ ግን እኔ እያየሁ» አለችኝ። ወንበር አስመጥታ ማዕድ ቤት ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ጠበቀቻት። ከአሥር ጊዜ በላይ ክዳን ከፍታለች፤ ዝም አልኳት። ማታ የቀዘቀዘውን እንደገና አሙቄ፣ ኮረሪማ ጠብ አድርጌ ሰጠኋት። በመጀመሪያ ለእኔ አቀመሰችኝ። ቆየት ብላ ጠጣች። በዚያው ሳምንት በመረቁ ቅንጬ ሠራሁላት፤ ከዚያ ሩዝ። ሰኔ ላይ ነጠላዋን ራሷ አጣፍታ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደርሳ መጣች።

አሁን መረቁን ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የምትሠራው። ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ በውሃ ፋንታ ለዶሮ ወጥ ትጨምረዋለች። «ወጡ ዘመድ አገኘ» ትላለች። ስለ እግሩም ነግሬያታለሁ። አፏን ሸፍና ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም።

ጥበቃው ታሪኩን ሰምተዋል። ሌሊት እንደማልጥድ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ልማድ ሆኖባቸዋል። ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍቱልኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «እታለም፣ ዛሬ ሌሊት አልሄደችም» ወይም «ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሄዳ ነበር» ይሉኛል። መረቅ በተሠራ ማግስት አንድ ብርጭቆ የእሳቸው ናት። ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ይጠይቁኛል፦ «የቀን ነው አይደል?»